ካርተር ይማም

ከኮምቦልቻ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አባቴ ይማም ሻንጣዬን በራሱ ጋሪ ጭኖ መናኸሪያ አደረሰኝ። በሩ ላይ አንድ ደላላ፣ "ጋሪ ነጂው ይማም! ልጅህን በጋሪ አሜሪካ ልታደርሰው ነው?" አለና የቆመው ሁሉ ሳቀ። በእኛ ሰፈር ጋሪ ነጂ ሥራ አልነበረም፤ ስድብ ነበር። አባቴ የፈረሱን አንገት እየዳበሰ፣ "እዚያ እንዲህ ብሎ የሚጠራህ የለም" አለኝ። ምርቃቱ ይኸው ነበር።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው ከሰው አይቆጠርምና የአባቴ ስም ላስት ኔም ሆነኝ። ስሜ ሰይድ መሆኑን የሚያውቅ የለም። ቴክሳስ ባለው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ከነሻንጣው ሳመላልስ አለቃዬ "ይማም!" ይለኛል። ልጄ ናስርም ይማም ነው። አባቴ ከኮምቦልቻ ሳይነቃነቅ ቴክሳስን ሞልቷታል።

ባለፈው የናስር ሚስት ቤድፎርድ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች። በእኛ ወግ ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን፣ በግ ታርዶ፣ በትልቅ ሰው አፍ ነው። ስሙን አባቴ በስልክ እንዲያወጣ ቃል ገብቼለት ነበር። የሆስፒታሏ ጸሐፊ ግን መጣች።

"የሕፃኑ ስም?"

"በሰባተኛው ቀን ይወጣለታል።"

"እንዴ፣ የት ሄዶ ነው?"

"ቅድመ አያቱ ጋ ነው ያለው። ኢትዮጵያ።"

"እኔ ደግሞ ከነገ ጀምሮ እረፍት ነኝ" አለችና ወደ ናስር ዞረች።

"ካርተር" አላት ናስር። "ካርተር ይማም።"

"ሲያምር!"

ኮሪደር ላይ ያዝኩት። "ምን ማለት ነው?"

"ዳዲ፣ ምንም ማለት አይደለም። ስም ነው። ሶ፣ አድጎ ለሥራ ሲያመለክት ለኢንተርቪው ኮል ያደርጉታል። እኔን ማን ኮል አደረገኝ?"

እውነቱን ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

እኛ አገር ትርጉም የሌለው ስም የለም። ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር የምኖርበትን አፓርታማ የምታስተዳድረውን ሴት ጠየቅኳት፤ "የውሻዬ ስም ነው!" ብላ ፎቶውን አሳየችኝ። ሥራ ቦታ ካርተር የሚባል ሽማግሌ አለ፤ እሱንም ጠየቅሁት። "ጠይቄ አላውቅም" አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ዞሯል፣ ምን እንደተሸከመ አላየም።

በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አገኘሁት። ድሮ እንግሊዝ አገር ዕቃ በጋሪ የሚያጓጉዝ ሰው ካርተር ይባል ነበር። ሥራው የቤተሰብ ስም ሆነ፤ ቆይቶ ደግሞ ልጆች በመጀመሪያ ስምነት ይጠሩበት ጀመር። ካርተር ማለት ጋሪ ነጂ ነው።

መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ካርተር ይማም። ጋሪ ነጂው ይማም። የደላላው ስድብ ባሕር ተሻግሮ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ የልጅ ልጄ ስም ሆነ። እነሱ ትርጉሙን ስለረሱት ያምራል፤ እኛ ስለማንረሳ ያሳፍራል። ከሁለታችን ማን እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም።

በሰባተኛው ቀን አባቴ ደወለ። ከጀርባው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

"በጉ ታስሯል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እዚህ ነው፤ አንተንም እየሰሙህ ነው። በል፣ ስሙን ላውጣ?"

"አባ፣ ስልኩን ወደ ጆሮዎ ያድርጉትና ወደ ደጅ ይውጡልኝ።"

ወጣ። በጉ አጠገቡ ሲጮህ ሰማሁ።

"እዚህ ቸኩለው አወጡበት። ካርተር ነው።"

"ካር... ተር።" ቀስ ብሎ ቀመሰው። "ይሁን፣ ዕድሜ ይስጠው። ሰዉ ይጠይቀኛል፤ ትርጉሙስ?"

ብርሃን ማለት ነው ብዬ ብዋሸው ያምነኝ ነበር። ከኮምቦልቻ ማን መጥቶ ያጣራል? ግን ይህ ሰው በሕይወቱ ሙሉ ዕቃ ሲያደርስ አጉድሎ አያውቅም።

"ጋሪ ነጂ ማለት ነው፣ አባ።"

ጎረቤት እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ማን ነገራቸው?" አለኝ።