«ኧረ በዛ» ያለው ድንጋይ ጠራቢ

የኮልፌው ገሜዳ ድንጋይ ሲጠርብ እጁ የተባረከ፣ ሰው ፊት ሲቆም ግን ይሉኝታ የሚያንቀው ሰው ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ወዲህ ከሚስቱ ከዋጋነሽ ጋር የሚኖረው አማቱ ቤት ነው። አማቱ ደግሞ ሲያኩርፉም ሲስቁም እሱን እያዩ ነው። ከዚያ ቤት ለመውጣት ኪራይ፣ ለኪራዩ ሥራ ያስፈልጋል።

ሥራው ተገኘ። መንገድ የሚያሠራ አንድ ሲኞር ጠራቢ አጥቶ ሲንቆራጠጥ አስተርጓሚው ዱባለ ገሜዳን ወሰደለት። ሲኞሩ አንድ ድንጋይ አስጠርቦ አየና በእጁ ዳበስ ዳበስ አድርጎ በቀን ስምንት ሊሬ አለ።

ስምንት ሊሬ! የገሜዳ ልብ ዘለለች። አፉ ግን ጨዋ ነው። ሰው ቤት ጉርሻ እንደ ቀረበለት ሁሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኧረ በዛ፣ ጌታዬ» አለ። የጠበቀው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» የሚል ልመና ነበር። ዱባለም ምን ቸገረው፣ የሰማውን ተረጎመ። ሲኞሩ ገርሞት ወደ ስድስት ወረደ። ገሜዳ ልመናው ገና እየሞቀ መሰለውና «ኧረ ይተዉ» አለ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሦስት ሊሬ ላይ ሲደርሱ ሲኞሩ በደስታ እጁን ጨበጠው።

ዋጋነሽ ይህን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ሞተ። ዛሬ ሦስት ብሎ የገባ ሰው ከርሞም ሦስት ነው፤ በሦስት ሊሬ ደግሞ ከእናቷ ቤት መውጣት የለም።

«አገር ሲወስድ ያላፈረ ሰው፣ ያንተን አምስት ሊሬ ሊወስድ ያፍራል ብለህ ነው?» አለችው።

በማግስቱ አብራው ሄደች። የኮልፌ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ናትና በዱባለ በኩል የትናንቱ ወሬ ጨዋታ እንደነበር፣ የዛሬው ዋጋ አሥር እንደሆነ አስነገረች። ሲኞሩ አራት አለ። እሷም የባሏን መዶሻ አነሳች፣ ባሏን በክንዱ ያዘችና መንገድ ጀመረች።

«ዞረህ እንዳታይ» አለችው።

ከኋላ አምስት ተባለ። ትንሽ ራቅ ሲሉ ስድስት። ከዚያ ሲኞሩ ራሱ እየሮጠ መጣ።

«እየለመነን እኮ ነው» አለ ገሜዳ።

«ይለምን።»

ስምንት ሲባል ቆመች፤ የተበደለ ሰው ፊት አሳይታም እሺ አለች።

ብዙም ሳይቆዩ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል አገኙ። ኪራዩን የተነጋገረችው ዋጋነሽ ናት። ገሜዳ ውጭ እንዲጠብቅ ተደረገ።