የወፎቹ በሽታና የወፍ በሽታ

ባለፈው ሳምንት አራዳ ገበያ ዘይቱን ልገዛ ቆሜ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ዘንቢሌን ጥዬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ሻጯ "ምነው እማማ፣ አልበሰለም?" አለችኝ። ሽታው ወደ ድሮው መለሰኝ።

በወጣትነቴ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነበርኩ። መምህራችን ለጥናት ብለው ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለ ግቢ፣ ፍራፍሬ የሚበሉ የሌሊት ወፎች በሽቦ ቤት ያኖሩ ነበር። የማበላቸው እኔ ነበርኩ። ክረምቱ ሲገባ ከሱብኝ። መምህራችን ኩሳቸውን በማይክሮስኮፕ አይተው የአንጀት ትል ነው አሉ። መድኃኒቱን ከዘይቱን ጋር ለውሼ ሦስት ቀን፣ ማታ ማታ፣ ሳላስተጓጉል እንድሰጥ አዘዙኝ። አንዷ ልጇን ደረቷ ላይ የለጠፈች ነበረች። እሷን እወዳት ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ጥፋቱ ከአፌ ወጣ። ለአክስቴ "ወፎቹ በሽታ ገባባቸው" አልኳት።

"የወፍ በሽታ! በስመ አብ!" ብላ ዓይኔን ፈልቅቃ አየች። "ይኸው፣ ቢጫ ሆኗል!"

የወፍ በሽታ እኮ የሰው ነው፤ ጉበት ሲታመም ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ አገሬው የሌሊት ወፍ አመጣው ይላል። ትሉ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ይህን ተምሬአለሁ። ግን መስታወት ባይ ለእኔም ቢጫ መሰለኝ! የተማርኩትን ልመን ወይስ ዓይኔን? መድኃኒቱን መስጠት በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን አክስቴ ጎትታ ትክል ድንጋይ ከተማ፣ መድኃኒት አዋቂው አያ ታፈረ ዘንድ ወሰደችኝ። የተሳፈርንባትን ማኪና ሁለቴ ጭቃ ያዛት።

አያ ታፈረ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞሩት። "ሸጋ ዓይን ነው። ምን ነክተሽ ነው?"

ሁሉንም ነገርኳቸው።

"የታመሙት እነሱ?"

"አዎ፣ አያ።"

"መድኃኒታቸውስ ማን ጋ ነው?"

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

"ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ዝናቡ እዚያው አሳደረን። በማግስቱ ግቢው ስደርስ እናቲቱ ወለሉ ላይ ወድቃለች፤ ልጇ አልለቀቃትም። መምህራችን "የትናንቱን ሰጥተሻል?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። ደብተራቸው ላይ "መድኃኒቱ አልሠራም" ብለው ጻፉ፣ ለቀሩት መጠኑን ጨመሩ። በሳምንቱ የሽቦው ቤት ባዶ ሆነ።

ትሉ ይግደላቸው የተጨመረው መድኃኒት እስካሁን አልለየልኝም፤ ግራ እንደገባኝ አረጀሁ። መምህራችንም ጥናታቸውን አሳትመው አርፈዋል። በቀደም አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም የዚያን መድኃኒት ስም ሳነሳበት ሳቀ። "እሱማ ለዱር እንስሳ አይረባም፣ እንዲህ ነው የተማርነው" አለኝ።

ዘንድሮም ያን መድኃኒት ያልሰጠሁበትን ማታ አላነሳሁም።