ሠላሳ ሴት ለሠላሳ ቤት

ጅዳ ሳለሁ ድካሜ የማስተማር ድካም ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ለማይሰሙኝ ልጆች ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከምርምሬ ጋር ስታገል እውላለሁ። የምርምሬ ርእስ የምደባ ጥያቄ የሚባለው ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ሠላሳ ሠራተኛ አለ፣ ሠላሳ ሥራ አለ። እያንዳንዱ ሥራ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚከብደው በሰንጠረዥ ይሞላል። ከዚያ የሁሉም ክብደት ተደምሮ ትንሹ እንዲሆን ማን የት ይመደብ? በእጅ ልሞክረው ካሉ ዕድሜ አይበቃም፤ ኮምፒውተር ግን ዓይን ጨፍነው ሳይገልጡ ይመልሰዋል።

የጎደለኝ እውነተኛ ሰንጠረዥ ነበር። አማካሪዬ «ከራስህ የፈጠርከውን ቁጥር ተውና ከሰው የመጣ አምጣ» እያለ ጽሑፌን ሁለት ጊዜ መልሶብኛል። ያን ጊዜ ከአገር ቤት ለቤት ሥራ የሚመጡት ሴቶች ብዛት ጉድ ነበር። አውሮፕላኑ ያራግፋቸዋል፤ ሩዋይስ የሚባል የጅዳ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ መክተብ፣ ሠራተኛና አሠሪ የሚያገናኝ ቢሮ ማለት ነው፣ ይቀበላቸዋል። የመክተቡን ሙዲር፣ የኃላፊውን፣ ልጅ ቤቱ እየሄድኩ አስጠናው ነበርና አባትየው አንድ ቀን «አንተ ሒሳበኛ፣ እስቲ እኔንም ገላግለኝ» አለኝ። ሴቶቹን በዘፈቀደ ይልካል፣ ማዳሞቹ በሳምንቱ ይመልሷቸዋል፣ ስልኩ ሲጮህ ይውላል። አልዋሽም፣ ሰንጠረዥ እግሬ ድረስ መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ሰሞን ለሠላሳ ቤት የሚላኩ ሠላሳ ሴቶች ነበሩ፤ አንድ በአንድ በአማርኛ ጠየቅኳቸው። ሕፃናት የበዙበት ቤት ቢሆን? ደረጃ የበዛበት? የታመመ ሰው የሚነሣበት? ክብደቱን ከአንድ እስከ አሥር ንገሩኝ አልኳቸው። አንዷ የአዲስ አበባ ልጅ «ኧረ እኔ ሽማግሌ አላጥብም፣ አሥር ብለህ ጻፍ!» አለችኝ። ሌላዋ «ድመት ካለ አሥራ አምስት!» አለች። ከአሥር በላይ የለም ብላት «እንግዲያው አሥሩን ሁለት ጊዜ ጻፈው» ብላ አሳቀችኝ።

ከዚያ ከወሎ የመጣች ሴት ገባች። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ሁለት ልጆቿን እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች ናት። ወንበሩን ሳብኩላት፤ እንቢ ብላ ቆመች።

«ልጆች የበዙበት ቤት ቢሆንስ?»

«አልሐምዱሊላህ ጋሼ፣ ምን አለበት።»

«አራተኛ ፎቅ ቢሆን?»

«ይወጣል።»

«በሽተኛ ማንሣት ቢኖርበትስ?»

«ሰው አይደል? ይነሣል።»

«ስንት ብዬ ልጻፍ?»

«አንቱ ደስ ያለዎትን።»

ለሁሉም ቤት አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያልኩ ጻፍኩ። ጨዋነቷ ደስ አለኝ፤ ሥራዬም አጠረልኝ።

ለሁሉም ቤት እኩል ቁጥር የሰጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት እኔ ማወቅ ነበረብኝ። እሷ የትም ትግባ የት ድምሩ አይለወጥም። ስለዚህ ስሌቱ አስቀድሞ እሪ ያሉትን እየፈለገ በሚቀላቸው ቤት ያስቀምጣል፤ ማንም ያልፈለገውን ቤት ደግሞ ለእሷ ይተውላታል። መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው፣ አልጋ የያዙ ከባድ አሮጊት ያሉበት ቤት ደረሳት። ሃያ ዘጠኙ ዘጠኝና አሥር የሰጡት ቤት ነው። ድምሩ ግን ያማረ ነበር። ለአማካሪዬ በዚያው ቀን ላክሁለት፤ «አሁን ገና ምርምር ሆነ» አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ድመት የጠላችዋ ልጅ ደወለችልኝ። «ያቺ የወሎዋ ጎንበስ ማለት አቅቷታል» አለች። አገር ቤት ከጋሪ ወድቃ ወገቧ ተጎድቶ ኖሯል። አሁን አሮጊቷን በቀን አምስት ጊዜ ብቻዋን ታነሣለች።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» ብዬ ጮኽኩ።

«ወይ ጉድ! ሥራ ለምና መጥታ አልችልም ትበልህ?»

ከዚያ ቤት እንዲያወጣት ሙዲሩን ለመንኩት። ኮንትራቱ ለአንድ ሠራተኛ ስለሆነ ቤቱ ባዶ ሊውል አይችልም። «ምትክ ካለህ ቀይር፣ ከሌለህ ኸላስ፣ አታድርቀኝ» አለኝ። ያን ሳምንት ከመጡት መካከል ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው፣ ጤነኛ፣ ሳቂታ ሙስሊም ልጅ ነበረች። እሷን መረጥኩ። የመክተቡን መኪና የሚነዳው ሱዳናዊ ሾፌር ነው፤ ልጅቱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን ወጣን።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ ተጽፏል፤ መካ ደግሞ ሙስሊም ላልሆነ ክልክል ነው፤ አልገባም። ከኬላው በፊት ያለ ነዳጅ ማደያ ጋ ወረድኩና እነሱ ቀጠሉ። ሰው ያስገባሁበትን ቤት በዓይኔ እንኳ አላየሁትም። ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። እግሬን፣ ትከሻዬን፣ ሁለመናዬን ደከመኝ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሾፌሩ ደወለ። የወሎዋ ሻንጣዋን ይዛ ከፎቅ ወርዳ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ማን እንዳለ ስታይ ቆመች፣ አልገባም አለች፣ አለኝ። ስልኩን ሰጣት።

«ጋሼ፣ ይችን ልጅ ነው በእኔ ቦታ የሚያስገቧት?»

«ጤነኛ ናት። አንቺ ወገብሽ...»

«ገና ልጅ እኮ ናት! እዚህ ቤት ወገብ ብቻ አይደለም የሚሰበረው። አይሆንም፣ ተዉት። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«እህቴ፣ ግቢ መኪናው ውስጥ።»

«ግድ የለም ጋሼ። ይተዉት።»

ስልኩን አልዘጋችም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። «እሺ እንግዲህ» አልኩ፤ ስልኩን ለሾፌሩ መለሰችለት።

መኪናው ልጅቱን እንደያዘ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለባለቤቴም ተናግሬው አላውቅም። ቀለለኝ። ራሷ ናት እንቢ ያለችው አልኩ። ሙዲሩ አይጮህብኝም፣ ሰንጠረዡ አይነካም፣ ጽሑፌም እንዳለ ይቆያል። ለልጅቱ ጭማቂ ገዛሁላትና ወደ ጅዳ ተመለስን።

ሴትየዋ እዚያ ቤት ስምንት ወር ቆየች። በመጨረሻ ወገቧ ፈጽሞ እንቢ ሲል ማዳሟ ወደ አገሯ ሰደደቻት። መሄዷን ሰምቼ ጅዳ አየር ማረፊያ ሄድኩ። ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። ሻንጣዋን ልቀበላት ብል አልሰጥም አለች፤ ታግዬ ወሰድኩባት።

«በድዬሻለሁ፤ አውፍ በይኝ» አልኳት። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም።

«አውፍ ብያለሁ ጋሼ። አላህ የጻፈው ነው።» ወንበር ላይ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። ልትወቅሰኝ ሳይሆን እንዲሁ ጨዋታ እንደምታወጋኝ ሁሉ፣ «ግን ያን ቀን አንድ ጊዜ ደግመው ግቢ ቢሉኝ እኮ እገባ ነበር» አለች። «ሻንጣዬ በእጄ ነበር። ልጅቱ እያየችኝ በአንድ ቃል እንዴት እሺ ልበል?»

እኔ ራሴ ሰው ቤት ሄጄ፣ አንድ ጊዜ ብላ ስለተባልኩ በልቼ አላውቅም።