ከገጹ መሃል

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ዝናብ ያዛትና ሞላሌ ካለችው ትንሽ ሱቄ ደጃፍ ተጠለለች፤ የለበሰችውን የበግ ጠጉር ባና ስታራግፈው የእርጥብ ሱፍ ሽታው አራተኛ ክፍልን ይዞልኝ ገባ።

ያኔ ቀየት ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ትምህርት ቤታችን፣ ሲዘንብ ሁላችንም በግ በግ እየሸተትን፣ በአፈር መደብ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። እንግሊዝኛ ሲደርስ መምህሩ ያሉትን እየተቀበልን፣ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ እየተወዛወዝን ገጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ ድምፅ እናወርደዋለን። ብቻዬን ስጠየቅ አፌን በነጠላ የምሸፍነው እኔ፣ በጋራ ሲሆን የሚቀድመኝ አልነበረም። ማንበብ ማለት ይኸው ይመስለኝ ነበር።

አባባ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቄስ ትምህርት ቤት ስላደጉ ግን ሽምደዳን ያውቃሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጽሐፌን አስመጡና እንደ ውሃ ሳወርደው ሰምተው፣ ጣታቸውን ከገጹ መሃል ጣል አደረጉ።

«ይችስ?»

ከላይ ካልተነሳሁ እዚያ መድረስ ስለማልችል ከላይ ጀመርኩ።

«ሸመደድሽ እንጂ አላነበብሽም። የኔታ እኛን ከታች ወደ ላይም ያስቆጥሩን ነበር። እስከ ፋሲካ እንዲሁ ከሆንሽ ከበጎቹ ጋር ትውያለሽ።»

በዚያው ሰሞን መምህሩ ተዛውረው ቲቸር ዘነበች ከዓለም ከተማ መጣች፤ የቆላ ልጅ ስለሆነች ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባም ትንቀጠቀጣለች። ከክፍል በኋላ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ ደጋግማ ስትጠይቀኝ የአባባን ቃል በሹክሹክታ ነገርኳት። አልሳቀችም። በማግስቱ የሳሙና ካርቶን ቆራርጣ የገጹን ቃላት አንድ በአንድ ጽፋ አደለችን፤ ሁሉም የደረሰውን ደረቱ ላይ ያዘ። እኔን «አንቺ አትናገሪ፤ ብቻ በየቦታቸው አቁሚልኝ» አለችኝ። የባናቸውን ጫፍ እየጎተትኩ አሰለፍኳቸው። ላም የሚለው ቃል የደረሰው አንዱ ኩሩ ልጅ ላም አልሆንም ብሎ ሲያምፅ፣ ልጆቹ በል ወተቱን አምጣ እያሉ አበሸቁት።

ካርቶኑ በየቀኑ ስለሚደባለቅ ዜማው አላዳነንም። እየዋለ እያደረ ግን፣ በግ ከመንጋ መሃል በመልኳ እንደምትለየው ሁሉ፣ እያንዳንዱን ቃል ብቻውን ሳየው አወቅሁት።

ሆሳዕና ዕለት አባባ መጽሐፉን ጠየቁ። ጣታቸው ከታች ተነስቶ ወደ መሃል ዘለለ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ተመለሰ። አፌን ሳልሸፍን፣ በቀስታ፣ ተከተልኩት። ልክ መሆኔን ማወቅ አይችሉም፤ ዓይኔን ነበር የሚያዩት፣ ወደ ገጹ ራስ ይሸሽ እንደሆነ። መጽሐፉን ዘጉና ወደ እናቴ ዞሩ።

«በጎቹን ከጎረቤት ጋር በተራ እናስጠብቃለን። ይች ትማር።»

ቲቸር ዘነበች ብዙም ሳትቆይ ተዛወረች። ስምንተኛን ስጨርስ አባባ በሕይወት አልነበሩም፤ ሁለተኛ ደረጃው ሩቅ ነበርና እዚያው ላይ ቆምኩ። የእንግሊዝኛው ቃል አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ ቃልስ ተመልሶ ይለቀማል፣ ያጣሁት «ይችስ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ነው። እንዲህ የሚጠይቀኝ ባገኝ ብዬ ለመስከረም የማታ ዘጠነኛ ክፍል እመዘገባለሁ። በዕድሜ ከሚያንሱኝ ጋር መቀመጡ ያሳፍረኛል፤ እያፈርኩም ቢሆን እቀመጣለሁ።