ዱላው ብቻውን አይሄድም

ታላቅ ወንድሜ ወንጪ ተራራን ሲወጣ የሚይዘውን ዱላ ለማንም አያውስም ነበር። አምቦ ከተማ ላይ የተራራ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሲል አንድ መምህር ቤት ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ዱላዎን ለሕዝብ እናሳየው» አለው።

«ዱላው ብቻውን አይሄድም» አለና አብሮት ሄደ። «አይነካም» የሚለውን ጽሑፍ በጀርባው ሸፍኖ ቀኑን ሙሉ አዳራሹ ውስጥ ቆመ። በኦሮምኛም በአማርኛም «ቀቢ፣ ያዘው እንጂ! በዓይን ብቻ ምን ይታወቃል?» እያለ ለመጣው ሁሉ ያስይዝ ነበር። ሰው ሲስቅ እኔ አፍሬ በጓሮ በር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ ቆመ።

ዘንድሮ አርባው ሳይወጣ መምህሩ መጣ። ዱላው ከበሩ ጀርባ ነው፤ የሚያነሳው የለም።

«እንግዲህ አሁን ይስጡን» አለኝ።

«ብቻውን አይሄድም» አልኩት።

ነገ ጠዋት እሱ የቆመበት ቦታ እቆማለሁ። መጥታችሁ ያዙት።