ጫካ ውስጥ እንጨት የገዛሁ ቀን

ልጃቸውን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁባቸው አባት ስለ ጥሎሽ አላነሡም፣ ዘሬንም አልጠየቁም። «ልጁ አንድ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ጫካ ይደርና መልሴን እነግራችኋለሁ» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው። መልእክቱን ይዘውልኝ ከመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ ይስቃል፣ ሁለቱ ተቆጥተዋል። እኔ ክው አልኩ።

ሰውየው መሬት ከሚለኩ መሐንዲሶች ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ በረሃ ለበረሃ የዞሩ ናቸው። ድንኳን ይተክላሉ፣ እሳት ያነዳሉ፣ ውሃ ከሌለበት ውሃ ያወጣሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላም የሞቀ አልጋ እያላቸው በረንዳ ላይ ነው የሚተኙት ይባል ነበር። እኔ ደግሞ ሸማ ተራ ተወልጄ፣ ሸማ ተራ አድጌ፣ እዚያው ነጠላና ጋቢ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ከመርካቶ ውጭ አንድም ቀን አድሬ አላውቅም ነበር። ዘመኑም የሰዓት እላፊ ዘመን ስለሆነ ማምሸት የሚባል ነገር የለም፤ ሲመሽ ሁሉም ወደ ጎጆው ነው።

ልጅቷን ያገኘኋት መደቤ ላይ ነው። ለእናቷ ነጠላ ገዝታ ሄደች። በማግስቱ ጥለቱ አላማረኝም ብላ መለሰችው። በሦስተኛው ቀን ያንኑ የመለሰችውን ልትወስድ መጣች። በአራተኛው ቀን ካልመጣች ሱቄን ዘግቼ ልፈልጋት ቆርጬ ነበር፤ መጣች።

«አባዬ ክፉ ሰው አይደለም» አለችኝ የሽማግሌዎቹን ወሬ ስነግራት። «የመርካቶ ልጅ ሱቅ በሌለበት አገር አንድ ቀን አይኖርም ብሎ ነው የሚያምነው። እሱን አሳየውና በቃ።»

በቃ! ለእሷ ቀላል ነው።

የምይዘውን ዝርዝር አባቷ አስቀድመው ልከውልኝ ነበር፦ አንድ ቢላ፣ አንድ ክብሪት፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ሸራና ገመድ። በሶውን እኔ አመጣለሁ ብለዋል። ይህ ለመርካቶ ሰው ስድብ ነው። ወሬው ተራውን ሲያዳርስ ጎረቤቱ ሁሉ ያለውን ይዞ መጣ። አንዱ የላምባ ምድጃ፣ አንዱ ፔርሙስ፣ አንዱ የእጅ ባትሪ። ከጎኔ ጥጥ የሚሸጡት እትዬ ደግሞ «ማታ ጅብ አለ፣ እንዳትወጣ ልጄ» ብለው አዲስ ፖፖ ሰጡኝ።

ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ የጉዞው ምክንያት ምን ይባል ሲለኝ «ጫካ ለማደር» አልኩት። በዚያን ጊዜ ጫካ ገባ ማለት ሸፈተ ማለት ነው። ብዕሩን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ «የጋብቻ ጉዳይ» ብሎ ጻፈልኝ። እግዜር ይስጠው።

ቅዳሜ ማለዳ ዕቃዬን በኩሊ አሸክሜ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። አባቷ፣ ጋሼ፣ አንዲት ከረጢት በትከሻቸው አንግተው ይጠብቁኛል።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው? ልትሰደድ ነው እንዴ?» አሉና ሸክሙን አስወርደው አንድ በአንድ ያወጡት ጀመር። መንገደኛው ከበበን። ፖፖው ሲወጣ ከፍ አድርገው ያዙት።

«ይሄስ?»

«ለ... ለውሃ ነው ጋሼ።»

 ከቢላው፣ ከክብሪቱ፣ ከጋቢው፣ ከሸራውና ከገመዱ በስተቀር ሁሉንም በዚያው ኩሊ ጀርባ ወደ ሸማ ተራ መለሱት።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ወረቀቴን አነበበ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ «አባት፣ እርስዎ ምኑ ነዎት?» አላቸው።

«ምኑም አይደለሁም» አሉ ጋሼ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ። 

መናገሻ ወርደን፣ በእግራችን ሽቅብ ተጉዘን ጫካው ውስጥ ስንገባ እኩለ ቀን ሆኗል። ጥዱ ሰማይ የነካ ነው፤ ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩናል። ጋሼ እዚያ ሲደርሱ ሌላ ሰው ሆኑ። መሬቱን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ነፋሱን አሸተቱ፣ «እዚህ ነው» አሉ። «መጠለያውን እኔ እሠራለሁ። አንተ ማገዶ አምጣ።»

ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፤ ዙሪያዬን ዛፍ እንደሞላው አይቻለሁ። ነገር ግን እኔ የማውቀው ማገዶ የተፈለጠ፣ የታሰረና ባለቤት ያለው ነው። ስለዚህ ቁልቁል ወደ መንገዱ ወረድኩና አህያ ላይ እንጨት ጭኖ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው አገኘሁ። ዋጋ ጠየቅሁት፣ ሳቅሁበት፣ ሁለት ጊዜ ጥዬው ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ጠራኝ። በመጨረሻ ምራቂ ጭራሮ አስጨምሬ አንድ ጥሩ እስር ተሸክሜ ተመለስኩ። ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ነበር።

ጋሼ እስሩን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይሄን ማን ፈለጠው?»

«ሻጩ።»

ቀና ብለው ዛፎቹን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። «ጫካ ውስጥ እንጨት ገዛህ?»

«ደህና አድርጌ ተከራክሬ ነው ጋሼ፤ ምራቂም አለው።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላወቅሁም። ልጅቷን ያጣኋት ግን ያኔ መሰለኝ፤ ከልቤ ራሴን ረገምኩ። እኔ ነኝ ወይ ለዚህች ልጅ የምበቃው አልኩ።

አሥር ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ። የጋሼ መጠለያ ምሰሶና ማገሩ አልቆ ክዳኑ ገና ነው፤ ቅጠሉን በላዩ ደርበው ሸራውን ሊያለብሱት ነበር። የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ።

መርካቶ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ማንም አያስብም፤ እጅ ራሱ ያውቀዋል። ባለመደቡ ሸቀጡን ይሰበስባል፣ ሸራውን ያለብሳል፣ ጫፍ ጫፉን ያስራል፣ ውሃ እንዳያቁር መሐሉን በእንጨት ይወጥራል። እሱ ራሱ ውጭ ቆሞ ይደበደባል። እኔም ያንን አደረግሁ። እንጨቱን፣ በሶውን፣ ክብሪቱን፣ ሁለቱን ጋቢዎች ከመርኩ፣ ሸራውን አለበስኩ፣ አራቱን ጫፍ ከዛፍ ከዛፍ አሰርኩ፣ መሐሉን ወጠርኩ፣ በቢላዬ ዙሪያውን ቦይ ቀደድኩ። ዶፉ ሲወርድ እኔ ጨርሼ ነበር። አንድ ጠብታ አላስገባሁም! እንደ ልማዴ ከጎኑ ዘብ ቆምኩ።

ዞር ስል ጋሼ ክዳን በሌለው መጠለያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ውሃው ከኮፍያቸው በአፍንጫቸው፣ ከአፍንጫቸው በአገጫቸው ይወርዳል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

እንጨት ሸፍኜ አማቴን አስደበደብኩ። ጉድ ሆንኩ! ሮጬ ገመዱን ልፈታ ስል «ተው!» ብለው ጮኹ። «አሁን ብትከፍተው ሁሉም ይበሰብሳል።»

ተነሥተው መጡና ከጎኔ ቆሙ። ሁለታችንም አብረን እንደበደብ ጀመር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ዝናብ የነካውን አዲስ ጋቢ ማን ይገዛኛል? እኔ እንደሆነ እደርቃለሁ።»

ዝናቡ ሲያባራ ጫካው በሙሉ ያንጠባጥብ ነበር። ጋሼ የጥድ ልጥ ላጡ፣ ስንጥር ሰበሩ፣ ከግንድ ሥር ቆፈሩ፤ የደረቀ ነገር ጠፋ። የተዘረጋውን ሸራ አዩ፣ ጢማቸውን ጨመቁ።

«እስኪ ያንን የገዛኸውን አምጣው» አሉ።

በአንድ ክብሪት ተያያዘ። ልብሳችንን ዘርግተን፣ ደረቅ ጋቢ ተከናንበን፣ በሶ በጥብጠን ጠጣን። እንደዚያ ያለ በሶ ከዚያ በኋላ ቀምሼ አላውቅም። ከሩቅ ጅብ ሲጮህ ወደ እሳቱ ጠጋ አልኩ።

«ያ ውሃ መቅጃህ ቢኖር ጥሩ ነበር» አሉ ጋሼ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማኋቸው፤ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ከዚያ እሳቱን እየቆሰቆሱ «ለአንድ እስር እንጨት እንዲህ የበሰበሰ ሰው፣ ለልጄ ምን ሊሆን ነው?» አሉ። ልመልስ አፌን ስከፍት «አንተን አልጠየቅሁም፤ እንጨት ጨምር» አሉኝ። ጨመርኩ። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። እኔ ግን ያቺን ንግግር ስገለብጣት፣ አንዴ ለእኔ አንዴ በእኔ ላይ ስተረጉማት አደርኩ።

እሁድ በመንገዱም በአውቶቡሱም ስለ ልጃቸው አንድም ነገር አላነሡም። ተስፋ ወደ መቁረጡ ነበርኩ። ኬላው ላይ ያ የትናንቱ ወታደር ገባ። ወረቀቴን አየ፣ ጭቃ የጠጣውን ልብሳችንን አየ፣ ወደ ጋሼ ዞረ።

«እርስዎ ምኑ ነበሩ ያሉኝ?»

«አማቱ ነኝ» አሉ ጋሼ።

ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብኩና አውቶቡስ ተራ እስክንደርስ አልገለጥኩትም።