ሴ ወይስ ወ

ሀቢባ ገርጂ በሚገኝ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ቢሮ ጸሐፊ ሆና ስትቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሠላሳ አንድ ሲሞላት፣ 1991 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ቢሮው ኢሜይል አስገባ። ሞደሙና ፋክሱ አንድ የስልክ መስመር ስለሚጋሩ ጠዋት ከደንበኞች ቀድማ ትገባለች። መስመሩ ሲያያዝ ሞደሙ የሚያሰማው ጩኸት እስኪያልቅ ጠብቃ የመጣውን ሁሉ በወረቀት ታትምና አለቃዋ አቶ ሚስባህ ጠረጴዛ ላይ ታኖራለች። እሳቸው መልሱን ወረቀቱ ዳር ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፣ እሷ ትልካለች። ኮምፒውተሩን በጣታቸው ነክተውት አያውቁም።

ከሚመጡት መልእክቶች ውስጥ እሳቸው የማያነቡት አንድ ዓይነት ነበር። አማርኛ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚጻፍ የሚወያዩ ሰዎች የኢሜይል ቡድን መሥርተዋል፤ አንድ ወዳጃቸው የአቶ ሚስባህን አድራሻ አስመዘገበላቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ "ይሄ ላንቺ ሳይሆን አይቀርም" ብለው ሰጧት።

እውነትም ለእሷ ሆነ። የትኛው የፊደል አቀማመጥ ጣት እንደሚያደክም፣ ‹ቋ› እና ‹ጓ› የት ቢሆኑ እንደሚሻል ቀኑን ሙሉ ስትተይብ ከምትውለው ከሀቢባ የበለጠ ማን ሊያውቅ? አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈች ሐሳብ መስጠት ጀመረች። የሚወጣው ግን በአቶ ሚስባህ ስም ነው። "ሞከርኩት፣ አልተመቸኝም" የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት በአማርኛ አይለይም። የቡድኑ ሰዎች "ወንድማችን ሚስባህ" ሲሏት ብቻዋን ፈገግ ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

የቡድኑ መሪ አቶ ላጲሶ የሚባሉ መሐንዲስ ነበሩ። ጥር ላይ አንድ ጥያቄ ላኩ። ጉርድ ሾላ ባገኙት አዳራሽ የመጽሐፍና የመጽሔት ገጽ አዘገጃጀት ሥልጠና ማታ ማታ ሊከፍቱ ነው። ማታ የቤት ሥራ ለሚጠብቃቸው ሴቶች የጠዋት ክፍል ለይተው ሊሰጡ አስበዋል፤ ስንት ሴት እንዳለ ግን አያውቁም። "‹ሴ› ወይስ ‹ወ›? በአንድ ፊደል ብቻ መልሱልኝ" ይላል።

ሀቢባ ወረቀቱን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

"እዚህ ላይ ምን ልበል አቶ ሚስባህ?"

"ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ወንድ አይደለሁም እንዴ! ‹ወ› በያ።"

‹ወ› ብላ ላከች።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ። አርባ ሰባት መልስ ደርሷል፤ አርባ አምስቱ ‹ወ›፣ ሁለቱ ‹ሴ›። "ሴቶቻችን ወደ ኮምፒውተር ገና አልመጡም" ብለው አቶ ላጲሶ ጽፈዋል። የጠዋቱ ክፍል ተሰርዟል።

ሀቢባ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለዚያ ክፍል ብላ ታናሽ እህቷን ልጇን ጠዋት ትምህርት ቤት እንድታደርስላት ለምናት ነበር። ከአርባ አምስቱ አንዱን የላከችው ራሷ መሆኗ ደግሞ ከነከናት። ስልኩን አነሳችና ቦሌ መንገድ ላይ ባለ የእርዳታ ድርጅት ጸሐፊ ወደሆነችው ወዳጇ ወደ ናኦሚ ደወለች።

"አንቺ፣ ለዚያ ጥያቄ ምን ብለሽ መለስሽ?"

"‹ወ› ነዋ! አድራሻው የሥራ አስኪያጁ አይደል?" ናኦሚ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ሀቢባ ግን አልሳቀችም። የአባላቱን ስም ዝርዝር አትማ፣ ስልካቸውን የምታውቃቸውን ቢሮዎች በቀይ አሰመረች። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሦስት ቀን ሙሉ በምሳ ሰዓት እየደወለች ጠየቀች። በአሥራ ሦስቱ ቢሮ ኢሜይሉን የምትከፍተው፣ ለቡድኑም የምትጽፈው ሴት ናት።

ይህን ለመጻፍ ግን የአድራሻው ባለቤት መፍቀድ ነበረባቸው። አርብ ጠዋት ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ሚስባህ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ታዲያ በእኔ ስም ስትጽፊ የከረምሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ባለፈው ሰርግ ላይ አንድ ሰውዬ እጄን ጨብጦ፣ ‹ስለ ፊደሉ የሰጡን ምክር ግሩም ነው› ሲለኝ ምን እንደሚያወራ ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ‹አመሰግናለሁ› አልኩት" አሉና ከልባቸው ሳቁ። "ጻፊ። ስምሽን ግን ከታች አድርጊበት።"

ጻፈች። አቶ ላጲሶ የቆጠሩት የአድራሻ ባለቤቶችን እንደሆነ፣ አድራሻው ደግሞ ባብዛኛው በአለቃ ስም እንደሚወጣ አስረዳች። ከደወለችባቸው አሥራ ዘጠኝ ቢሮዎች በአሥራ ሦስቱ የምትጽፈው ሴት መሆኗንም አስቀመጠች። ከዚያ ቆም ብላ አሰበችና እንዲህ ጨመረችበት፦ "የእኔም ቆጠራ ጉድለት አለበት። የደወልኩት የማውቃቸው ጸሐፊዎች ዘንድ ነው፤ የማላውቃቸው ቢሮዎች እንዴት እንደሆኑ አላውቅም። ‹አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው› ልል አልችልም። ሁለት ብቻ አለመሆናቸውን ግን አረጋግጫለሁ።"

ሰኞ አቶ ላጲሶ ራሳቸው ደወሉ።

"ወይዘሮ ሀቢባ? እኔ እኮ ስንት ወር ‹ወንድሜ› እያልኩ..." አፈሩ። "ያቺን የመጨረሻዋን አንቀጽ ባይጽፉ ኖሮ ደግሜ እቆጥር ነበር። አሁን ግን አመንኩዎት። ክፍሉን እከፍታለሁ፤ በሩ ላይ የመጣውን እንቆጥራለን።"

የካቲት ላይ በመጀመሪያው ጠዋት ከሀቢባ ሌላ ዘጠኝ ሴቶች መጡ። ከአሥራ ሦስቱ አራቱን አለቆቻቸው ከሥራ ሰዓት አልለቀቋቸውም። ሁሉም ሲቀመጡ ነህምያ የሚባል ቀጠን ያለ ወጣት ገባና ከኋላ ወንበር ያዘ። አቶ ላጲሶ ይህ የሴቶች ክፍል መሆኑን በትሕትና ነገሩት።

"‹ሴ› ብዬ መልሻለሁ እኮ" አለ ግራ ገብቶት። "ሴክሬታሪ ማለት አይደለም እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከሁለቱ ‹ሴ› አንዱ እሱ ነበር። ሴቶቹ ተመካክረው "ይማር" አሉና እዚያው ተቀመጠ።

ሥልጠናው በግንቦት ሲያልቅ አቶ ላጲሶ ለሚቀጥለው ዙር ረዳት አስተማሪ እንድትሆን ሀቢባን ጠየቋት። አቶ ሚስባህ ሁለት ጠዋት ፈቀዱላት። የገዛ ራሷን የኢሜይል አድራሻ ያወጣችው በዚያ ሳምንት ነው፤ የመጀመሪያውን መልእክትም ለናኦሚ ላከች። ምሳ የት እንብላ የሚል ነበር።